ዘይነባ በሽቦ አልፈተገችውም

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ለአንተ የምነግርህ ፊትህን ስለማላየው ነው። ፈሪ ነኝ። ያኔም ፈሪ ነበርኩ።

ኦማን፣ ሙስካት ስመጣ አናጢ እንጂ ፊደል የቆጠርኩ ሰው አልነበርኩም። አንድ ቀን አል ሙዋሌህ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ቪላ ውስጥ፣ የምግብ ጠረጴዛ እንዳድስ ተላክሁ። የቤቱ ሠራተኛ ዘይነባ የምትባል የወሎ ልጅ ነበረች።

እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ሲለሰልስ ተራ አለው። ሻካራው ይጀምራል፣ መካከለኞቹ የእሱን ጭረት ያጠፋሉ፣ ልሙ ይጨርሳል። የሻካራነቱ ቁጥር ከወረቀቱ ጀርባ አለ። እኔ ያኔ ቁጥር አላነብም ነበር፤ አለቃዬ በተራ ደርድሮ ይሰጠኝ ነበር። ያን ዕለት መኪናው ውስጥ ተደባለቁብኝ። ሻካራውንና ልሙን በአውራ ጣቴ ለየሁ። መካከለኞቹን መለየት አቃተኝ።

ዘይነባ አይታኝ ኖሯል። «ጋሼ፣ ወረቀቱን እንደ ሎሚ ስታሸው ዋልክ እኮ! ቁጥሩን ላንብብልህ?»

«ያላ፣ ወደ ማድቤትሽ!» አልኳት። ማንበብ አልችልም ልበላት? መካከለኞቹን ትቼ ከሻካራው ወደ ልሙ ዘለልኩ።

ሲዳሰስ ለስላሳ ነበር። ብናኙን ዘይነባ በጨርቅ ጠረገችልኝ። ቀለሙን ስቀባው ግን ጭረቱ በሙሉ ፍጥጥ ብሎ ወጣ፤ ድመት የቧጨረችው ይመስል ነበር። የቤቱ እመቤት፣ ማዳም፣ መጣችና ማነው እንዲህ ያደረገው ብላ ጮኸች።

እኔ ነኝ ማለት ምን ያህል ከባድ ነው? ጣቴን ወደ ዘይነባ ቀሰርኩ። ብናኙን በድስት ሽቦ ፈተገችው አልኩ። ይህን ያልኩት እኔው ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

ዘይነባ መጀመሪያ የምቀልድ መስሏት ሳቀች። ቀጥላ «ወላሂ ማዳም፣ በጨርቅ ነው!» አለች። ማዳም «ኻላስ፣ በቃ» አለቻት። በዚያው ቀን ወዳስመጣት ኤጀንሲ መለሰቻት። ሻንጣዋን እየጎተተች በአጠገቤ ስታልፍ፣ «ያገሬ ሰው መጣልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበርኮ» አለችኝ። እኔ ጎንበስ ብዬ ብሩሽ አጥብ ነበር። ብሩሹ ንጹሕ ነበር።

በማግስቱ ሱቅ ሄጄ ሻጩን ከሻካራው እስከ ልሙ በተራ ደርድርልኝ አልኩት። ደረደረልኝ። አልሳቀብኝም። ለካ ነገሩ ይህችው ነበረች። ጠረጴዛውን እንደገና ፈግፍጌ አሳመርኩት፤ ማዳምም አመሰገነችኝ፣ ምሳ አበላችኝ። በላሁ። እንዴት ወረደልኝ?

ዘይነባ ሌላ ቤት ትግባ፣ አገሯ ትመለስ አላውቅም። ኤጀንሲውን ሄጄ መጠየቅ እችል ነበር። አልጠየቅሁም።

ከዓመታት በኋላ፣ ጎልማሳ ሆኜ፣ ፊደል ቆጠርኩ። አሁን ያልተማርኩ ስለነበርኩ ነው ብል የሚሰማኝ ሰው ያዝንልኝ ይሆናል። እንዳታዝንልኝ። ስንት ያልተማረ ሰው አውቃለሁ፣ በሰው ላይ የማይዋሽ።

ዘይነባ፣ ይህ ከደረሰሽ ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም። ጠረጴዛውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አንቺ በጨርቅ ነው የጠረግሽው።