ከውጭ የታሰረው መረብ

ጎረቤቴ አሊ ለበረቱ የሽቦ መረብ ከብረት ቋሚ ጋር በውጭ በኩል ሲያስር የፒንሳው ድምፅ ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

አባቴ የበጎቻችንን በረት ሲያጥር መረቡን ያሰረው ከቋሚዎቹ በውጭ በኩል ነበር።

“አባ፣ በውስጥ በኩል ቢያስሩት በጎቹ ሲገፉት ቋሚው አይደግፈውም?” አለችው ታላቅ እኅቴ ሰዓዳ።

“ጅብ የሚመጣው ከውጭ ነው። በጎቼ ምን ያደርጉኛል?” ብሎ ሳቀባት።

አንድ ጠዋት መረቡን ወደ ውጭ ወድቆ አገኘነው። ጅብ የሸተታቸው በጎች ተደናብረው ሲገፉት ማሰሪያው ተበጥሶ፣ በራሳቸው እግር ወደ ጅቡ ወጥተዋል።

ሌላ ጥሪት አልነበረንምና ሰዓዳ በዚያው ዓመት በበረሃ ወደ ሳውዲ ወጣች፤ ድምፅዋን እስከ ዛሬ አልሰማንም። አባቴ ባዶውን በረት እያየ “የፈራሁት የውጭውን ብቻ ነበር” ሲል፣ ያኔ ስለ ጅብ የሚያወራ ይመስለኝ ነበር።

“አሊ፣ በውስጥ በኩል እሰረው” አልኩት።

“ጅብ ከውስጥ ይመጣል እንዴ?” ብሎ ሳቀብኝ።