አባቴ ለንደንን ሰላም ሲል

በእኛ ቤት ለንደን ከተማ አይደለም፤ ሬዲዮ ነው። አባቴ «ለንደን ምን አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ከተማው ጉዳዩም አይደለም፤ ከዚያ በአማርኛ የሚመጣውን የማታ ዜና ማለቱ ነው። እሱ ዘንድ አንድ ነገር እውነት የሚሆነው ለንደን ሲለው ነው። «በርበሬ ተወደደ እኮ» ብትሉት፣ ራሱ ሾላ ገበያ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ በርበሬ እየሸጠ፣ «ለንደን አላለም» ይላችኋል።

ደግሞ ይመልሳል። አንባቢው ማታ ማታ «ጤና ይስጥልኝ አድማጮቻችን፣ እንደምን አመሻችሁ» ሲል፣ አባቴ ሶፋው ላይ ቀና ብሎ፣ ኮፍያውን አስተካክሎ፣ «አብሮ ይስጥልን! አልሃምዱሊላህ፣ እኛ ደህና ነን! እናንተስ እንዴት አመሻችሁ?» ይላል። ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው፤ አገሩ ሩቅ ነዋ። ልጆች ሳለን ትራስ ነክሰን እንስቅ ነበር። «ምን ያስገለፍጣችኋል? ሰላም ላለ ሰው መመለስ ግዴታ ነው» ይለንና ወደ ዜናው ይመለሳል። የወሎን ሰው ሰላምታ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ አንዴ ከተጀመረ ቤተሰቡን፣ ልጆቹን፣ ጎረቤቱን፣ ዝናቡን ሳያዳርስ አያበቃም።

እንዲህ እየኖርን ሳለ ለንደን ራሱ ችግር ገባው። በጀት ተቀነሰ ተባለ፤ አንዳንዱ ፕሮግራም ታጠፈ፣ አንዳንዱ ሰው ተሰናበተ፣ የተረፈው ሁሉ ዲጂታል ይሁን ተባለ። የአጭር ሞገዱ ስርጭት ቆመና የአባቴ ሬዲዮ አንድ ማታ «እሽሽሽ» ብቻ ብላ ቀረች። ባትሪ ቀየረላት፣ አንቴናዋን ወደ መስኮቱ አዞረ፣ ጀርባዋን በመዳፉ መታ መታ አደረጋት። ወይ ፍንክች! በመጨረሻ በስልክ መስማት አስተማርኩት። «ስልክ የወሬ ነው» እያለ ቢያጉረመርምም ለመደው፤ ሰላምታውንም ለስልኩ መመለስ ጀመረ።

ለእኔ ግን የለንደን ችግር ሲሳይ ይዞልኝ መጣ። እኔ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ ዜና አነባለሁ። ለንደኖች እዚያ ያለውን ስቱዲዮ ሊያጠብቡ ስለሆነ የማታውን ፕሮግራም ከአዲስ አበባ፣ ከገዛ ቤቱ ሆኖ የሚያቀርብ ሰው እየፈለጉ ነው ሲባል ሰምቼ ድምፄን ላክሁ። የፕሮግራሙ አለቃ ደወሉልኝ። ብዙ ዓመት ለንደን የኖሩ ኮስታራ ሰው ናቸው፤ በስልክ እንኳን ኮስታራነታቸው ይታያል። «አንድ ምሽት በቀጥታ ታቀርቢያለሽ» አሉኝ። «ካማረ ቦታው ያንቺ ነው። ካላማረ ሌላ ሰው አለ። የውጭ ድምፅ ደግሞ አልፈልግም፤ ውሻ፣ ጀነሬተር፣ የሰው ወሬ፣ ምንም!»

ይህን ሥራ እንዴት እንደፈለግሁት ልነግራችሁ አልችልም። ለወግ ለማዕረጉ አልነበረም። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ቀና ብሎ የሚመልሰው ያ ሰላምታ ከእኔ አፍ እንዲወጣ ፈልጌ ነው። እየበረርኩ ሄጄ ነገርኩት።

«አንቺ? ለንደን?» አለኝ።

«አዎ አባዬ! ከዚሁ ሆኜ፣ ከመኝታ ቤቴ!»

«ከመኝታ ቤትሽ ከሆነማ ጉርድ ሾላ ነው፤ ለንደንነቱ ምኑ ላይ ነው?» አለና ትንሽ አሰበ። «እስቲ ለንደን ይበለው።»

ብሽቅ አልኩ፤ ግን ምን ይደረጋል፣ አባት ነው።

ስቱዲዮዬ ቁም ሳጥን ነበር። ቀልዴን አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ የሚሠራ አንባቢ ሁሉ የሚያውቀው ዘዴ ነው፤ ልብስ ድምፅ ይውጣል። እማዬ ያላትን ብርድ ልብስ ሁሉ አወጣች። የክቱን፣ የእንግዳውን፣ ማንም እንዳይነካው የምትለውን ሳይቀር። እኔ በኮቶችና በብርድ ልብሶች መካከል በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ማይኩን ከልብስ መስቀያው ላይ አሰርኩ። እማዬ ከዚያ የደህንነት ሹም ሆነች። ለኮንዶሚኒየሙ ሴቶች ሁሉ በዚያ ሰዓት ሥጋ እንዳይከተፍ፣ ወንበር እንዳይጎተት ነገረቻቸው። ደረጃው ላይ ኳስ የሚያንጠባጥቡትን ልጆች ራሷ ቆማ ልትጠብቅ ተዘጋጀች።

የቀረው አባቴ ነበር። ያ ሰላምታ!

«ከመግሪብ ሶላት በኋላ ወዳጅህ ሱቅ ቆይና እዚያ ስማ» አልነው። «እሺ» አለ። ምናልባት ከተመለሰ ብለን ደግሞ፣ ስልኩ እንዳይጮህ ኢርፎን ገዛሁለት። ጆሮው ላይ ሰክቼ አሳየሁት። ወዲያው «በጣም ጥሩ ይሰማል!» ብሎ ጮኸብኝ። ያኔ መንቃት ነበረብኝ፤ ጆሮው የተደፈነ ሰው እንደሚጮህ ማን ያጣዋል? እኔ ግን ልቤ ለንደን ሄዷል።

ምሽቱ ደረሰ። ቁም ሳጥኔ ውስጥ ገባሁ፤ የመኝታ ቤቱን በር እማዬ ከውጭ ዘጋችው። መብራት አለ፣ ኢንተርኔት አለ፣ ውሾቹ እንኳን ሰላም ናቸው። የአለቃው ድምፅ ጆሮዬ ላይ «አየር ላይ ነሽ» አለኝ።

«ጤና ይስጥልኝ አድማጮቻችን፣ እንደምን አመሻችሁ» አልኩ።

ወላሂ፣ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ጸጥ አለ። ከውጭ ምንም የለም። አልሃምዱሊላህ ብዬ በልቤ ወደ ዜናው ገባሁ።

ለካ አባቴ መጥቷል። ወዳጁ ሱቅ ውስጥ ኳስ ጨዋታ ተከፍቶ፣ ሰዉ እየጮኸ ቢያስቸግረው ጊዜ ወደ ቤት ተመልሷል። ደረጃው ላይ እማዬ ልትመልሰው ስትል «ትንፍሽ አልልም» ብሎ ማለላት። እውነቱን ነው፤ ጫማውን አውልቆ፣ በጣቶቹ እየተራመደ፣ ሳሎን ገብቶ ከመኝታ ቤቴ ግድግዳ አጠገብ ተቀመጠ። ኢርፎኑን ሰካ። አንድ የዘነጋነው ነገር ግን ነበር። በኢንተርኔት የሚመጣው ድምፅ ከእኔ አፍ ወጥቶ፣ ለንደን ደርሶ፣ ዞሮ አባቴ ጆሮ እስኪገባ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይዘገያል። እኔ ሰላም ብዬ ጨርሻለሁ፤ ለእሱ ግን ሰላምታው ገና መንገድ ላይ ነው።

እኔ እያነበብኩ ነው። ዜናው ደግሞ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የብሪታንያ ቴሌቪዥን ጉዳይ! በአንቴና የሚተላለፈው ቀርቶ ወደፊት ሁሉም በኢንተርኔት ብቻ ይሁን ወይስ አይሁን እየተባለ እዚያ አገር ይከራከራሉ። «ይሁን እንጂ» አልኩ ድምፄን አክብጄ፣ «በዕድሜ የገፉ ሰዎች በዚህ ለውጥ ወደ ኋላ እንዳይቀሩ የሚሰጉ ወገኖች…»

«አብሮ ይስጥልን!»

ከበርጩማዬ ብድግ አልኩ።

«አልሃምዱሊላህ፣ እኛ ደህና ነን! እናንተስ እንዴት አመሻችሁ?»

ግድግዳ የለ፣ ብርድ ልብስ የለ፣ የክቱም የእንግዳውም አላዳነኝም። የአባቴ ድምፅ ጥርት ብሎ ዓለም ሁሉ ጆሮ ውስጥ ገባ። አለቃው ጆሮዬ ውስጥ ትንፋሽ ሳቡ። አለቀልኝ አልኩ። ቢሆንም ዓይኔን ጨፍኜ፣ መልሼ ገልጬ፣ «…የሚሰጉ ወገኖች አሉ» ብዬ ቀጠልኩ። ሰው ምን ያደርጋል፣ ይቀጥላል።

ያላሰብኩት የሚቀጥለውን ነው። አባቴ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ምን ይሰማል? ራሱን! ሰው ደግሞ የራሱን ድምፅ አያውቀውም። በለንደን ሬዲዮ አንድ ጨዋ ሽማግሌ ገብተው «እናንተስ እንዴት አመሻችሁ?» ብለው ጠየቁ፤ አባቴ ዝም ሊላቸው ነው?

«ደህና አምሽተናል ጋሼ!» ብሎ ጮኸ። «ቤተሰብ እንዴት ነው? ልጆችስ ደህና ናቸው?»

ጋሼ! ራሱን ጋሼ አለ! ሳቄ ከሆዴ ተነስቶ መጣ። የኮት እጅጌ አፌ ውስጥ ከተትኩ። አልሆነም። ከዚያ ያደረግሁትን እስከ ዛሬ አላውቀውም፤ አፌ ራሱ ነው የተናገረው። ያደግሁበት ቤት እኮ ነው፤ ልጆች ደህና ናቸው ወይ ሲባል ልጅ ይመልሳል።

«ልጆች ደህና ነን፣ አልሃምዱሊላህ» አልኩ። በቀጥታ ስርጭት። ከለንደን።

ከዚያ ወዲያ እማዬ ደረሰች። የነጠላ ጫማዋ ጠፍ ጠፍ ሲል ሰማሁት፤ አድማጩም ሁሉ ሰማው። አባቴ የራሱን ጥያቄ ሰምቶ «አልሃምዱ…» ብሎ ሲጀምር አፉን በሻሿ ያዘችው። ቀሪውን ዜና እንባዬ እየወረደ አነበብኩት። የሳቅ ይሁን የለቅሶ አልለየሁትም።

ዜናውን ጨርሼ ከቁም ሳጥኑ ወጥቼ ሳሎን ስገባ አባቴ ፊቱ በርቷል።

«ዛሬ ለንደን እንዴት ደስ ይል ነበር!» አለኝ። «አንድ ሽማግሌ ገብተው ነበር፤ የእኛ አገር ሰው ናቸው፣ ወሎዬ። ሥርዓት ያላቸው ሰው!»

«አንተው ነህ እኮ!» አለች እማዬ ጭንቅላቷን ይዛ።

«እኔማ እዚህ ተቀምጫለሁ።»

«ትንፍሽ አልልም ብለህ ምለህልኝ!»

«አልተናገርኩም!» አለ ተቆጥቶ። «ሰላምታ መለስኩ እንጂ መቼ ተናገርኩ?»

ስልኬ ጠራ። አለቃው ናቸው። ወደ ኩሽና ሄድኩ፤ እማዬ ተከተለችኝና ዱዓዋን ጀመረች።

«ያ ሰውዬ ማነው?» አሉኝ።

«አባቴ ነው። ይቅርታ ጋሼ፣ በጣም ይቅርታ፣ እኛ እኮ ሁሉን ነገር…»

«ቆይ፣ ስሚኝ። እዚህ የበላዮቻችን በየስብሰባው ‹ለመሆኑ የሚሰማችሁ ሰው አለ?› እያሉ ነፍሳችንን ነው የሚያወጡት። ስንቱ ከፈተ፣ ስንቱ ስልኩ ላይ ጫነ፣ ስንቱ ሳይጨርስ ዘጋ እያልን ሰንጠረዥ እናሳያቸዋለን፤ አያምኑንም። የዛሬውን ቅጂ ተርጉሜ ልልክላቸው ነው።» ኮስታራው ሰውዬ ወላሂ እየሳቁ ነበር። «መልዕክቱንስ አይተሻል? አድማጩ ሁሉ ለአባትሽ እየመለሰ ነው። ከአፋር፣ ከጅማ፣ ከጂዳ፣ ‹ልጆች ደህና ናቸው በሏቸው› ይላል።»

«ታዲያ ቦታውስ?» አልኩ፤ ድምፄ ከየት እንደወጣ እንጃ።

«ከነገ ጀምሮ ያንቺ ነው። በሩን ግን ገርበብ አድርጊው።»

ጮኽኩ። እማዬ እልልታዋን አቀለጠችው፤ እስከዚያች ደቂቃ ትንፋሹን ይዞ የቆየ ኮንዶሚኒየም በአንድ ጊዜ ፈነዳ፤ ወንበሩ ተጎተተ፣ ሥጋው ተከተፈ፣ ኳሷ በደረጃው ወረደች። እየዘለልኩ ሳሎን ገባሁና የአባቴን አንዱን ኢርፎን ነቀልኩ።

«አባዬ! ለንደን ሰማህ! ሰላምታህን ሰሙት! መልስ እየላኩልህ ነው!»

አባቴ ሳቄን ቢያይም አልሳቀም። ግራ ገብቶት እኔንም እማዬንም አየን።

«ዛሬ ነው እንዴ የሰሙኝ?» አለ። «እስከ ዛሬ አይሰሙኝም ኖሯል?»

የእማዬ እልልታ መሐል ላይ ቆመ። ያ ሁሉ ዘመን፣ ያ ሁሉ ማታ፣ ቀና ብሎ፣ ኮፍያውን አስተካክሎ። አንድ ቀንም አልተጠራጠረም ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩና እጁን ያዝኩት።

«ይሰሙህ ነበር አባዬ። ሥራ በዝቶባቸው ነው።»

«እሱማ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሰውም ቀንሰዋል አሉ። ማን ይመልስ?»

«አብሽር፣ ከነገ ጀምሮ እኔ እመልስልሃለሁ።»

እጄን ጥብቅ አድርጎ ጨመቀው፤ ዓይኖቹ እንባ ሞልተዋል። የነቀልኩትን ኢርፎን ተቀበለኝና መልሶ ጆሮው ውስጥ ሰካው።

«እስቲ ለንደን ይበለው!» ብሎ ጮኸብኝ።