አንብቤዋለሁ ያልኩት ወረቀት

ወንድሜ ከሞተ ሰባት ወር ሆነ። ሰው ሲጠይቀኝ "በመኪና አደጋ ነው" ብዬ አልፋለሁ። ውሸት አይደለም፤ ሙሉው ግን አይደለም። ሙሉውን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። አሁንም እንዴት እንደምጨርሰው አላውቅም።

በስደት በመጣንበት አገር፣ ስኔልቪል በምትባል ከተማ ከእናታችን ጋር ሦስት ሆነን ነበር የምንኖረው። ወንድሜ በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። ፒችትሪ ኮርነርስ በሚባል ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ይሠራ ነበር። የሚመላለስባት መኪና አርጅታ ሞተሯ ተቃጠለ። ሌላ መኪና ግዛ ያላለው ሰው የለም። እሱ ግን ቦዲዋ ደህና ነው፣ የጎደላት ሞተር ብቻ ነው ብሎ ሊቶኒያ አካባቢ ጋራዥ ላላቸው አንድ ሰው ሰጣት። ሰውዬው የቤተ ክርስቲያናችን አባል ናቸው፤ በዕድሜ የአባታችን እኩያ ይሆናሉ። ከሌላ መኪና የወጣ ሞተር አገኙና ገጠሙላት።

ልናመጣት የሄድነው ቅዳሜ ነበር። መካኒኩ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወጡና "ለዚች መኪና ያለህን ፍቅር ለአንዲት ልጅ ሰጥተህ ቢሆን ይኼኔ የሁለት ልጆች አባት ነበርክ" አሉት።

"እሷ ስትበላሽ እርስዎ አሉልኝ" አላቸው ወንድሜ። "ሚስት ብትበላሽ ማን ጋ እወስዳታለሁ?"

ሳቁ። ሞተሩን አስነሱት። ድምፁ ጥሩ ነበር። ሦስታችንም ቆመን ሰማነው።

ከዚያ ሁለት ገጽ ወረቀት አምጥተው ፈርሙልኝ አሉ። ወዲያው የወንድሜ ስልክ ጠራ፤ አለቃው ነበር። ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል ይዞ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። በቤታችን እንግሊዝኛ የእኔ ሥራ ነው። የሐኪም፣ የኢንሹራንስ፣ የመብራት፣ የመጣው ደብዳቤ ሁሉ በእኔ በኩል ያልፋል። እዚህ አገር ሃይስኩል የጨረስኩት እኔ ስለሆንኩ፣ ምን እንደሚል ከተናገርኩ በኋላ ደግሞ የሚያጣራ የለም።

ፊደሉ ደቃቅ ነበር። የመጀመሪያውን መስመር አየሁ፤ የወንድሜ ስምና የመኪናዋ ቁጥር ነው። ከዚያ ገልብጬ መጨረሻው ላይ ፈረምኩ። ቸኩዬ ነበር እንዳልል የምቸኩልበት ጉዳይ አልነበረኝም። ለምን እንዳላነበብኩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ወንድሜ ስልኩን ዘጋና "ምን ይላል?" አለኝ።

"አንብቤዋለሁ፤ ምንም የለውም" አልኩት።

ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝና ለመካኒኩ "አዩ? ቤቴ ውስጥ ጠበቃ አለኝ" አላቸው።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለውን ያነበብኩት ከቀብሩ በኋላ ነው። መኪናዋ አምስት መቶ ማይል ከሄደች በኋላ ወደ ጋራዡ ተመልሳ ብሎኖቿና የዘይት ቱቦዎቿ እንደገና እንዲታዩ ይላል። ካልተመለሰች ጋራዡ ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊነት የለበትም ይላል። ሦስት መስመር ነው። ቃላቱም ከባድ አይደሉም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ቤታችን ደጃፍ መኪናዋ የምትቆምበት ቦታ ላይ የዘይት ጠብታ አየሁ። ለወንድሜ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካውና ሞተሩም እንደኛ እንግዳ ነው፣ እስኪለምድ ነው አለኝ። ከሥራ ካርቶን አምጥቶ ሥሯ ዘረጋላት። ልደውልላቸው ወይ ስለው፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አገኛቸው የለም ወይ አለ። እሑድ ሥራ ጠሩት። የሚቀጥለውም እሑድ እንደዚያው። ያ ወረቀት ትዝ ቢለኝ ኖሮ እላለሁ፤ ግን ያላነበቡት ነገር እንዴት ትዝ ይላል?

ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ ሃይዌይ ላይ ሞተሩ ዘይቱን ጨርሶ ነበርና ደርቆ ቆመ። መኪናዋን ዳር አስያዛት። ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። አንድ የጭነት መኪና መስመሩን ስቶ መጣ። ስለዚያ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። የሾፌሩ ጉዳይ ለብቻው እየታየ ነው።

መካኒኩ ለቅሶ መጡ። ሦስቱንም ቀን መጡ። የታሸገ ውኃ ተሸክመው አስገቡ፣ ወንበር ደረደሩ፣ ሰው ሲወጣ ወንበሩን መልሰው አጣጠፉ። በሦስተኛው ቀን አጠገቤ ተቀመጡ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ግን ጉልበቴን ያዝ አድርገው ተነሡ። በኋላ እንደሰማነው፣ የጋራዡ ኢንሹራንስ ስለ መኪናዋ ከቤተሰቡ ጋር አንዲት ቃል እንዳይነጋገሩ ከልክሏቸዋል።

እናቴ ይህን መቀበል አልቻለችም። ለቅሶ የመጣ ሰው እንዴት አይናገርም ትላለች። "ብሎኑን አጥብቀውት ነበር ወይ? ይህን ብቻ ይንገሩኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም" ትላለች። እሳቸው እንዳይናገሩ ተከልክለዋል። እኔን የከለከለኝ አልነበረም። እኔን ደግሞ የጠየቀኝ የለም።

ከአርባው በኋላ ጠበቃ ጋ ሄድን። ጠበቃው አስተርጓሚ ላስመጣ ወይ ቢል እናቴ እጄን ያዘችና ልጄ አለልኝ አለች። ይህንም የተረጎምኩት እኔ ነኝ።

ሞተሩን የመረመረው ባለሙያ አንደኛው የዘይት ቱቦ ሲገጠም በደንብ እንዳልጠበቀ ጽፏል አለ ጠበቃው። ለእናቴ ነገርኳት። ዓይኗን ጨፈነች። ጋራዡ ግን ይህን ወረቀት ያነሳል ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ፊርማው የመኪናዋ ባለቤት አይደለም፤ ይህ ሊጠቅመን ይችላል፣ ላይጠቅመንም ይችላል። ትልቁ ጥያቄ ወንድምህ የተጻፈውን ያውቅ ነበር ወይ የሚለው ነው አለኝ። አንብበህለት ነበር ወይ?

እንዳላነበብኩለት ነገርኩት። እኔም ራሴ እንዳላነበብኩት፣ ለወንድሜ ግን አንብቤዋለሁ እንዳልኩት ነገርኩት። እየተንተባተብኩ ነው የነገርኩት። በእንግሊዝኛ ተንተባትቤ አላውቅም ነበር። ፊቱ ሳይለወጥ ጻፈውና ይህን በመሐላ ትደግመዋለህ አለኝ።

"ምን ጠየቀህ?" አለችኝ እናቴ።

"የፈረመው ማን ነው አለኝ።"

"እና እኔ ነኝ ለማለት ይህን ሁሉ ተናገርክ?"

"እንግሊዝኛ ረጅም ነው፣ እማዬ" አልኳት።

ጠበቃው የምንነጋገረውን ሳያውቅ ፈገግ አለልን።

በሳምንቱ፣ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስገባ እናቴ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣለች። የወረቀቱን ኮፒ ከፋይሉ አውጥታ በእጇ እያስተካከለች ነበር። "አንብብልኝ" አለች። "ከላይ ጀምረህ።"

አንድ መስመር በእንግሊዝኛ፣ አንድ መስመር በአማርኛ አነበብኩላት። የወንድሜን ስም ስጠራ ራሷን ነቀነቀች። ሦስቱ መስመሮች ጋ ስደርስ አቆምኩ። ቀጥል አለችኝ፤ ቀጠልኩ። አምስት መቶ ማይል ስንት ቀን ያስኬዳል አለች። እሱ ሥራ ሲመላለስ ሦስት ሳምንት ገደማ አልኳት። ጠብታውን ያየንበት ሳምንት መሆኑን እሷም ሳታሰላው አልቀረችም።

"እሱስ ስታነብለት ምን አለ?" አለችኝ።

መዋሸት እችል ነበር። እሱ የለም። ወረቀቱን ሊያነብላት የሚችል ሌላ ሰውም ቤት ውስጥ የለም።

"አላነበብኩለትም" አልኳት። "አንብቤዋለሁ አልኩት እንጂ አላነበብኩትም።"

ጣቷን ፊርማዬ ላይ አሳረፈች።

"ለጠበቃው ነግረኸዋል?"

"አዎ።"

"መቼ?"

"ያን ዕለት።"

"እኔ አጠገብህ ተቀምጬ" አለች።

ብትሰድበኝ፣ ብታለቅስ እወድ ነበር። ወረቀቱን አጣጥፋ ፋይሉ ውስጥ መለሰችና እራት አቀረበችልኝ። እኔ ፊት እሷ አልበላችም።

ጉዳዩ አላለቀም። ጠበቃው ሲደውል ገና ነው ይለናል። የእኔ ቃል ይጠቅም እንደሆን፣ ይጎዳ እንደሆን እሱም አያውቅም። እሑድ እሑድ መካኒኩ በወንዶቹ በኩል ቆመው ከሩቅ ለእናቴ እጅ ይነሣሉ፤ እሷም ትነሣለች። ሁለቱም ከዚያ አያልፉም።

ደብዳቤ አሁንም ለእኔ ነው የምትሰጠኝ፤ ሌላ ማን አላት? ግን ምን ይላል ብላ አትጠይቀኝም። ሁሉንም ከላይ እስከ ታች ጮክ ብዬ እንዳነብላት ነው የምትፈልገው። ትናንት የመጣው የምንጣፍ አጣቢዎች ማስታወቂያ ነበር። እማዬ፣ ይህ እንኳ ማስታወቂያ ነው አልኳት። አንብብ አለች። ከታች ያለውን ደቃቁን ጽሑፍ ሳይቀር አነበብኩላት፤ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።