ሚስቱ የቷ ናት?

አል-ሙወሰም አጠገብ ከየመን ወደ ሳዑዲ ድንበር ስሻገር ተይዤ ወደ ጂዛን እስር ቤት ተወሰድኩ። የሴቶቹ ክፍል በር ሲከፈት የላብና የሕፃን ሽንት ሽታ ፊቴን መታኝ። እኔ ከአገሬ የወጣሁት በተናገርኩት ነገር ስለተፈለግሁ ነው፤ ሌሎቹ እንጀራ ፍለጋ። እዚያ ግን ይህን የሚጠይቅ አልነበረም።

ጠጋ ብላ ቦታ የሰጠችኝ ጠና ያለች የወሎ ሴት ናት። ባይሽ ወደምትባል የሳዑዲ ከተማ ፍየል ሊጠብቅ የሄደ ባሏ ድምፁ ሲጠፋባት የመንን አቋርጣ ልትፈልገው መጥታ ተያዘች። በተክሊል ነው የተጋቡት። አጠገቧ አንዲት ነፍሰ ጡር ወጣት አለች፤ እግሯ ስላበጠ ሴትዮዋ ታሽላት ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወጣቷ ስለ ባሏ አወራች። እሱ ባይሽ ፍየል ሲጠብቅ ተዋወቁና ተጋቡ፤ አብረውም ተያዙ። እሱ በወንዶቹ በኩል ነው።

"ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው?" አለች ሴትዮዋ።

"አዎ። እንዴት አወቅሽ እትዬ?"

"በቅሎ ረግጣው ነው። እኔው ነኝ ያከምኩት።"

ወጣቷ እግሯን ሰበሰበች። "ሚስት የለኝም ነው ያለኝ" ብላ አለቀሰች።

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረች። ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምር እንደነበር ታውቃለች።

"መጽሐፉ ምን ይላል?"

"ከመጀመሪያው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ፈጠረ። ሁለቱ አንድ ሥጋ ይሆናሉ ይላል።"

"አብርሃምስ?"

"አብርሃምም ያዕቆብም ደርበዋል። መጽሐፉ ግን የቤታቸውን ለቅሶ አልደበቀም። ሣራ አጋርን ከነልጇ አስባረረቻት። በረሃ ላይ ውሃ ሲያልቅባት ግን እግዚአብሔር የልጇን ድምፅ ሰማ።"



በማግስቱ ጠባቂዋ በሩ ላይ ቆማ የሰውየውን ስም ጠራች። ወደ አገር ቤት ሊመለስ ስለሆነ ሚስቱ አብራው ትሳፈራለች አለች።

"ያላ! የቷ ናት?"

ወጣቷ አንገቷን ደፋች። ሴትዮዋ ተነስታ ሻርፗን አስተካከለች፤ የምትወጣ መሰለኝ። ጎንበስ ብላ ወጣቷን በብብቷ ደግፋ አነሳቻት።

"እሷ ናት።"

"ኸላስ፣ በቃ" ብላ ጠባቂዋ ወጣቷን ይዛ ወጣች፤ በሩ ተዘጋ።

"ይቅር አልሽው?" አልኳት።

"እሱን አላልኩም። እሷ ግን በምን አቅሟ ብቻዋን ትወልዳለች?" ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ዛሬ በሌላ አገር እኖራለሁ። ስለ ጋብቻ ሲነሳ ያቺ የወሎ ሴት ትመጣብኛለች። ያን ቀን የአጋርን ብቻ ነገርኳት። የያዕቆብ የመጀመሪያ ሚስት ልያ እንዳልተወደደች እግዚአብሔር እንዳየ የሚናገረውም እዚያው መጽሐፍ ላይ ነበረ። ትዝ ያለኝ ሴትዮዋም ከዚያ ክፍል ከሄደች በኋላ ነው።