ከሐዘን ማስታወቂያ ጀርባ

አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ ፒተርስበርግ ከተማ ውስጥ፣ በሃሊፋክስ ጎዳና ግራና ቀኝ፣ ቨርዲ ክሬንሾ ብቅ ያለች እንደሆነ ጎረቤት ጎረቤቱን ይጣራል። «መጽሐፍ ቅዱስሽን ደብቂ፣ መጣችልሽ!» ይባባላሉ። ቀልድ ነው፤ ግማሹ ግን የምር ነው። ቨርዲ ወሬ ፍለጋ አትመጣም። ገብታ ትቀመጥና የቤተሰቡን መጽሐፍ ቅዱስ አስከፍታ በየገጹ መሃል የተኙትን ሙታን አንድ በአንድ ትገለብጣለች።

ሙታን ስል ከጋዜጣ የተቆረጡትን የሐዘን ማስታወቂያዎች ማለቴ ነው። የቨርጂኒያ ጥቁር ሰው ዘመድ ሲሞትበት ማስታወቂያውን በመቀስ ቆርጦ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ያኖረዋል፤ ፎቶውን ወደ ላይ አድርጎ ነው ታዲያ። ሟችን በግንባሩ መድፋት ነውር ነው። ስለዚህ ከጀርባው ምን እንደተጻፈ አያቶቻችንም አላዩም፣ እኛም አላየንም።

ከጀርባው በጽሑፋቸው ያሉት ዶክተር ሉሺየስ ቶሊቨር ነበሩ። የባሪያ ልጅ ናቸው፤ «ጥቁር ሰው ታሪክ አለው» ብለው ታሪኩን በመጽሐፍ ካስቀመጡት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ። መጽሐፎቻቸው ዛሬም በየዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ላይ አሉ። ለልብስ አጣቢው፣ ለተሸካሚውና ለፀጉር ቆራጩ የጻፉት ግን በመጽሐፍ አልወጣም። በየሳምንቱ «ፋኖስ» በሚባለው በእኛው ጋዜጣ ላይ ያወጡት ነበር። ከዚያ የ«ፋኖስ» ቤት ከነክምችቱ ተቃጠለ። የከተማው ቤተ መጻሕፍት ደግሞ በዚያ ዘመን የጥቁር ጋዜጣ ማስቀመጥ ክብሩን የሚነካ መስሎት አንዱንም አላስቀረም። ምሁራኑ ስለ ሰውዬው ሲጽፉ «የጋዜጣ ጽሑፎቻቸው ጠፍተዋል» ብለው አለፉ። እንዲህ ማለት ቀላል ነው።

ቨርዲ ጽሑፎቹን ያገኘቻቸው በአጋጣሚ ነው። ትንባሆ ፋብሪካ ሠርታ ጡረታ ወጥታለች፤ በቤቴል ሂል ቤተ ክርስቲያን ነጭ ጓንት አጥልቃ ሰው ታስተናግዳለች። አንድ ቀን በቀብር ጸሎት ላይ አንዲት አሮጊት መንፈስ ሞላቸውና ዘለሉ፤ መጽሐፍ ቅዱሳቸው ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ከውስጡ አንድ ሟች ተንሸራቶ በግንባሩ ተደፋ። ልታነሳው ስታጎነብስ «ዶክተር ቶሊቨር እንዲህ ይላሉ» የሚለውን ርዕስ አየች። ልጅ ሳለች አባቷ ሉተር ማንበብ ስለማይችል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እግሩን ሞቅ ባለ ውኃ ነክሮ ይህንኑ ያስነብባት ነበር። «ፋኖስ» ዶክተሩን ሦስተኛው ገጽ ላይ ያትም ነበር፣ ሙታንን አራተኛው ላይ። ሙታንን የቆረጠ ሰው ሁሉ ዶክተሩንም ቆርጦ አስቀምጦ ኖሯል!

ይኸው ስድስት ዓመቷ፣ ቤት ለቤት ትዞራለች። ሟቹን ከቤት አስወጥቶ የሚሰጣት ስለሌለ እዚያው ቁጭ ብላ ጽሑፉን ደብተሯ ላይ ትገለብጣለች። ማስታወቂያው በሟቹ ልክ ስለሚቆረጥ ጽሑፉ አንዳንዴ ራስ የለውም፣ አንዳንዴ ጅራት የለውም። የዲያቆኑ አክስት ጀርባ ላይ የተጀመረው የሥጋ ሻጩ እናት ጀርባ ላይ ይጨረሳል። ሃምሳ ያህል ጽሑፍ እንዲህ ተለቃቅሞ ዳነ።

አንድ ሟች ግን አልገለበጠችም። ጎረቤቷ ሉቬንያ፣ አፏ እንደ ምላጭ የሆነው፣ ይህን አጥብቃ ይዛባታለች።

«የሰውን አባት በግንባሩ ትደፊያለሽ» አለቻት አንድ ቀን። «የራስሽንስ መቼ ነው?»

«እሱን ተይው።»

«እንዴት ነው የምተወው? የኛዎቹ ሙታን፣ ያንቺው ጻድቅ ነው?»

ቨርዲ የፈራችው ሌላ ነገር ነው፤ አባቷን የነካች እንደሆነ የቆየው ወሬ አብሮ ይነሣል። የዛሬ ሃምሳ ዓመት አባቷ ሉተርና ጓደኛው ኤምብሪ ፔግራም ትንባሆ የተጫነ መኪና እየነዱ ሐዲድ ሲሻገሩ ባቡር ገጭቷቸው በአንድ ቀን ሞቱ። መሪውን የያዘው ሉተር ነበር። ጠዋት ከኤምብሪ ግቢ ሲወጡ እየተጯጯሁ ነበር፤ የኤምብሪ ሚስት ዚፖራ በር ላይ ቆማ ሰምታለች። በቀብሩ ዕለት ሕዝብ ፊት ተነሥታ «ተጣልተው ነው! ሉተር በንዴት ነድቶ ባሌን ገደለብኝ!» አለች። ቃሏ ሥር ሰደደ። የቨርዲ እናት አልበርታ፣ የመዘምራኑ ዋና ድምፅ የነበረችው፣ አንገቷን ደፍታ ቤቴል ሂልን ለቀቀች። ከወንዙ ማዶ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ መጨረሻው ወንበር ላይ እየተቀመጠች ኖረች፤ እዚያው ሞተች። ቨርዲ ወደ ቤቴል ሂል የተመለሰችው ከዚያ በኋላ ነው። ሚስ ዚፖራ ግን፣ መንደሩ በአክብሮት የሚጠራቸው እንዲህ ነው፣ እስከ ዛሬ የፊተኛው ወንበር ላይ ናቸው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። ለእሳቸው ማን ደፍሮ ይንገራቸው?

ሁለቱ ሟቾች በ«ፋኖስ» ላይ ጎን ለጎን ነበር የወጡት። አልበርታ የራሷን ቆረጠች፣ ዚፖራ የራሷን። አልበርታ በመጽሐፍ ቅዱስ አኖረችው፤ ዚፖራ በመስታወት አስገብታ ከምድጃው በላይ ሰቀለችው።

የሉቬንያ ነገር ግን እንደ እሾህ ተሰክቶ ቀረ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቨርዲ እጇን ታጥባ አባቷን ገለበጠችው። ዶክተር ቶሊቨር እዚያው አሉ። ግን ግማሻቸው ብቻ፤ የጽሑፉ መስመሮች በሁለቱም ሟቾች ጀርባ ላይ ስለሚያልፉ የእናቷ መቀስ ከመሃል ቆርጧቸዋል። የቀረው እንዲህ ይላል፦ «ከፒተርስበርግ ሁለት ሰዎች…» ከሥሩ፣ «በጭነት መኪናቸው ላይ በየቀኑ ይጣላሉ…» ከሥሩ፣ «እስከ ሞት ድረስ…»

ሚስ ዚፖራ እውነታቸውን ኖሯል ማለት ነው። እናቷ ያንን ሁሉ ዘመን «ባሌ በንዴት የሚነዳ ሰው አይደለም» ስትል የነበረው በከንቱ ነው። አባቷን በጀርባው መልሳ አስተኛችውና መጽሐፉን ዘጋች። «ማን አየኝ?» አለች ለራሷ። «ማንም አላየሽም።» አንድ ሳምንት እንዲህ ሆነ፤ እንቅልፍ ግን እምቢ አለ። የሰውን ሁሉ ሟች ገልብጦ የራስን መደበቅ ደስ አይልም፤ ሉቬንያ ብታውቅ ደግሞ ምን እንደምትል ታውቃለች። ቅዳሜ የስኳር ድንች ኬክ ጋገረችና ሚስ ዚፖራ በር ላይ ቆመች።

«ማነሽ?»

«ቨርዲ ነኝ፣ ሚስ ዚፖራ። የሉተር ልጅ።»

«የማን ልጅ እንደሆንሽማ አውቃለሁ፤ የደከመው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም። ምን ፈለግሽ?»

«ሚስተር ኤምብሪን ከጀርባው ላየው ነበር።»

«ባሌን? በግንባሩ ልትደፊው? አባትሽ አንዴ ደፍቶታል፣ ይበቃዋል!»

በሩ ሊዘጋ ሆነ። ቨርዲ ኬኩን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣች።

«የአባቴን ጀርባ ላንብብልዎት። ከዚያ ሂጂ ካሉኝ እሄዳለሁ።»

አነበበች። አንድም ቃል አልሸሸገችም፤ «በየቀኑ ይጣላሉ» የሚለውንም፣ «እስከ ሞት ድረስ» የሚለውንም። አሮጊቷ ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ መቱት።

«አላልኩም? አላልኩም! ውሸታም አለችኝ እኮ እናትሽ! ግቢ። ኬኩን እዚያ አስቀምጪው። አውርጂው ባሌን። የቀረውን ከዶክተር ቶሊቨር አፍ ልስማው!»

ቨርዲ ወንበር ላይ ወጥታ አወረደችው። የፍሬሙ ሚስማሮች ዝገው ስለነበር በቅቤ ቢላ እየፈለቀቀች አወጣቻቸው። ወረቀቱ በአንድ ጥግ መስታወቱ ላይ ተጣብቋል፤ በትንፋሿ እያሞቀች ቀስ ብላ አላቀቀችው። ሁለቱን ሰዎች ጠረጴዛው ላይ በግንባራቸው አስተኝታ ጎን ለጎን አስጠጋቻቸው። መስመር ከመስመር ገጠመ። ለአባቷ ታነብ በነበረበት ድምፅ ጀመረች፦

«ከፒተርስበርግ ሁለት ሰዎች በአንድ ወረቀት አስጽፈው ላኩልኝ። በጭነት መኪናቸው ላይ በየቀኑ ይጣላሉ፤ ጠባቸው ግን በታሪክ ነው። እስከ ሞት ድረስ ወዳጆች መሆናቸውንም አልሸሸጉኝም። ቤቴል ሂልን የሠራው ማን ነው? አንዱ ‹ባሪያዎች በጌታቸው ትእዛዝ› ይላል፤ ሌላው ‹ነፃ ወንዶች በገዛ ገንዘባቸው› ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። መሬቱን የገዙት ልብስ አጣቢ ሴቶች ናቸው።»

«ድገሚው» አሉ ሚስ ዚፖራ።

ደገመችው።

«ማን ገዛው አለ?»

«ልብስ አጣቢ ሴቶች።»

«እኔስ ምን ነበርኩ?»

«ልብስ አጣቢ ነበሩ።»

«ሁለት ቂል!» ብለው ሳቁ፤ ጥርስ የሌለው ድዳቸው እስኪታይ ሳቁ። «ጠዋት ማታ መንደሩን እየቀወጡ! ሁለቱም ተሳስተው! እንደ እኔ ያለች አጣቢ በሠራችው ገንዘብ…» አልጨረሱትም። ሳቁ ሳይታወቅ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ ቨርዲም አለቀሰች። ባቡሩን ለምን እንዳላዩት ጽሑፉ አይናገርም፤ እየተከራከሩ ይሆናል፣ ፀሐይ ይሆናል። የቂም ጠብ ግን አልነበረም።

«አልበርታ» አሉ ሚስ ዚፖራ በመጨረሻ። «የተቀበረችው ማዶ ነው?»

«አዎ፣ ማዶ ነው።»

«እኔ ነኝ ያሻገርኳት።»

ቨርዲ «ምንም አይደለም» ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ምንም አይደለም የሚባል ነገር ስላልሆነ አላለችውም። ኬኩን ቆርሳ ሰጠቻቸው፤ አልበሉትም። ጽሑፉን ደብተሯ ላይ ገለበጠችና ሚስተር ኤምብሪን ወደ ፍሬሙ ልትመልሰው አነሣችው።

«ቆይ» አሉ። «ሉተርንም አብረሽ አስገቢው።»

«እሺ።»

«ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርጊው።»

ቨርዲ የሰማችውን አላመነችም። «በግንባራቸው?»

«የባሌን ፊት እኔ አውቀዋለሁ። የጀርባውን ነው ያላወቅኩት። እዚህ ቤት የሚገባ ሁሉ ያንብበው፤ በአፌ ያጠፋሁትን በዓይናቸው ይዩት።»

ቨርዲ ከዚያ ሌላ የአባቷ ፎቶ የላትም። ትንሽ ጊዜ ፊቱን አየችው። ከዚያ ወደ ግድግዳው አዞረችውና መስታወቱን ገጠመች።