ልጄ ያዞረችው ወንበር

ልጄ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት አራዳ ፎቶ ቤት ወሰድኳት። ፎቶ አንሺው እንደ ማንኛውም ሰው ቀጥ ብላ እንድትቆም፣ እጇንም የላስቲኩ አበባ ላይ እንድታደርግ ነገራት። እሷ ግን የወንበሩን መደገፊያ ወደ ፊት አዙራ ተቀመጠችና አገጯን አስደገፈችበት። ሰውየው ሳቅ ብሎ አነሳት። ፎቶው ሸጋ ነበር። ያቃጠለኝ በሳምንቱ አሳድጎ ከደጁ መስታወት ውስጥ መስቀሉ ነው።

ያኔ፣ ወጣቱ እየታደነ በሚታሰርበት ዘመን፣ ልጅ ያላት እናት የምትጸልየው ልጇን ማንም እንዳያስተውልባት ነበር። የቀበሌ ሰዎች ፎቶ ይዘው ይህችን የሚያውቅ አለ እያሉ ሲጠይቁ አይቻለሁ። የእኔዋ ደግሞ ለገበያተኛው ሁሉ ተሰቅላለች።

እንዲያወርደው ለመንኩት። ሴቶቹ እንደዚያች ልጅ አንሳን እያሉ የሚመጡት በእሷ ነው፣ አላወርድም አለኝ። ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩ ስለሆንኩ ጥበብ አይገባትም ብሎ መሰለኝ። ይባስ ብሎ አቀማመጡን ራሱ እንደፈጠረው ያወራ ጀመር።

«ያሰብኩትኮ እኔ ነኝ። ምነው አይናገርም?» አለች ልጄ።

«ዝም በይ። እሱ ነው ያሰበው፤ ይውሰደው።»

ማን ይስማኝ? ከፊት ለፊቱ ያለው ፎቶ ቤትም ወንበር አዙሮ ማንሳት ያዘ። ሁለቱ ሰዎች ሰረቅኸኝ፣ አልሰረቅሁህም እየተባባሉ ከደጃቸው ሲሰዳደቡ፣ አላፊ አግዳሚው ቆሞ የልጄን ፎቶ ያያል።

ሲመረኝ የእህቴን ልጆች፣ የጎረቤቶቼን ልጆች፣ ከማክሰኝት የመጣችውን የባሌን እህት ሳይቀር እየጎተትኩ ወደ ሁለተኛው ፎቶ ቤት ወሰድኳቸው። ሁሉም ወንበር አዙረው ተነሱ። የባሌ እህት ቀሚሷን እየሰበሰበች፣ «ሰው በበቅሎ እንጂ በወንበር እንዲህ ይቀመጣል?» አለች። ሰውየው ደስ ብሎት መስታወቱን በእነሱ ሞላው።

ብዙ ሳይቆይ የመጀመሪያው ፎቶ አንሺ አስጠራኝ።

«ይውሰዱት፣ እትዬ። አሁንማ የማንም ሆኗል።»

ፎቶውን በነጠላዬ ሸፍኜ ቤት ስገባ ልጄ ፊቷን አዞረችብኝ። «የራሴ የምለው አንድ ነገር ነበረኝ» አለች። ፎቶውን ከጎታው ጀርባ ደበቅሁት።

በሌላ ቀን በመጀመሪያው ፎቶ ቤት ደጅ ስናልፍ መስታወቱ ውስጥ ጃንጥላ ዘርግታ የቆመች ሴት ተሰቅላለች። ልጄ ቀጥ ብላ ቆመች።

«እኔ ብሆን አጥፌ ትከሻዬ ላይ እጥለው ነበር።»

ሰውየው ከውስጥ ሳይሰማት እጇን ይዤ ጎተትኳት።