ስለ ተጨናነቁ ጋላክሲዎች ዛሬ የተናገርኩት ስህተት ነው

ዛሬ ጠዋት እዚህ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ባለው አዳራሽ ስለ ሰማይ ለሕዝብ ሳስረዳ «ጋላክሲዎች ተጨናንቀው በተሰበሰቡበት ብዙ አዳዲስ ኮከቦች ይወለዳሉ» ብዬ በድፍረት ተናገርኩ።

ከደሴ ዙሪያ አትክልት የሚያመጣው ጓደኛዬ ሰይድ እጁን አነሳ። «ወላሂ ጋሼ፣ እኔ ሰማይ አላውቅም። ጥቅል ጎመን ግን ተጠጋግቶ ከተተከለ አይጠቀለልም።»

«ሰይድ፣ የምናወራው ስለ ጎመን አይደለም» ብዬ አስቀመጥኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ቤት ገብቼ መጽሐፍ ስገልጥ ግን ለካ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። በተሰበሰቡት ጋላክሲዎች መካከል ያለው የጋለ ጋዝ፣ በውስጡ የምታልፍን ጋላክሲ ቀዝቃዛ ጋዟን ይገፍፋታል። ኮከብ የሚሠራው ከዚያ ቀዝቃዛ ጋዝ ስለሆነ አዲስ ኮከብ መውለዷ እየቀነሰ ይሄዳል።

ፒያሳ ሄጄ ለሰይድ ነገርኩት። «አብሽር ጋሼ፣ ጎመኑ አልተቀየመዎትም» አለኝ። ምክንያቱ ግን የጎመን ምክንያት እንዳልሆነ አስረግጬ ነግሬዋለሁ።

የከነከነኝ ሌላ ነው። አንዲት የፊዚክስ መምህርት ቃሌን በደብተሯ ጽፋ «ሰኞ ለተማሪዎቼ አስተምረዋለሁ» ብላኝ ከአዳራሹ ወጥታለች። ስሟንም ትምህርት ቤቷንም አልጠየቅኩም። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ የምታውቋት ካላችሁ ከሰኞ በፊት ይህን አድርሱልኝ።

እናንተስ፣ የተናገራችሁትን ስህተት ለመመለስ ስትሮጡ የዋላችሁበት ቀን አለ? ሰበብ ሳትደረድሩ ጻፉልኝ።